ጭንጫው ከነውስጡ

ጎጃም፣ አንዲት የገጠር ቀበሌ፤ ኅዳር አጋማሽ፣ ረፋድ ላይ፤ ጤፍ በደረሰበት ማሳ ድንበር አንጓች ማጭዷን ይዛ ቆማለች፤ የሟች ባሏ የይርዳው ታላቅ ወንድም ልየው የመሬት ልውውጥ ወረቀት ይዞባት መጥቷል።

ልየው፦ አታፍሪም እንዴ አንቺ? ትናንት በምስክር ፊት እሺ ብለሽ ዛሬ እምቢ? ምስክሮቹ ፈርመዋል፣ ቀበሌው ማኅተሙን መትቷል። የቀረው የኔና ያንቺ አውራ ጣት ነው። የጣት ቀለሙን ሳይቀር ተሸክሜልሽ መጣሁ።

አንጓች፦ እምቢ መች አልኩ ጋሼ ልየው? አንዴ ያንብቡልኝ ነው ያልኩዎት።

ልየው፦ ጸሐፊው አንብቦልሽ የለም?

አንጓች፦ ጸሐፊው ምሳው ደርሶበት ይቸኩል ነበር። ደግሞ ከእርስዎ አፍ ስሰማው ደስ ይለኛል። ባሌ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ፤ ከእርስዎ አፍ ደግ ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ልየው፦ ኧረ ተይ! እንግዲህ ስሚ። «እኔ ልየው አንማው፣ ሦስት ቃዳ የሚሆነውን የወንዝ ዳር መሬቴን ለወይዘሮ አንጓች ሰጥቼ፣ እሷም በስሟ ያለውን ጭንጫው የሚባለውን ሦስት ቃዳ መሬት ለእኔ ሰጥታኝ፣ ወደን ፈቅደን ተለዋውጠናል።» በቃሽ?

አንጓች፦ ከዚያስ?

ልየው፦ «ከነድንበሩ፣ ከነዛፉ፣ ከነውስጡ።»

አንጓች፦ ከነውስጡ? ይቺ ቃል ትናንት ነበረች?

ልየው፦ የወግ ቃል ናት። የመሬት ወረቀት ላይ ሁሉ ትገባለች።

አንጓች፦ በውስጡ ያለውማ ድንጋይ ነው ጋሼ። ስንዝር ቢቆፍሩ ማረሻዎ ይሰበራል። ያኔ ራስዎ አይደሉ «ፍየል እንኳ ጉልበቷን ሳትቆስል አታልፍበትም» ያሉት?

ልየው፦ ድንጋዩንም ቢሆን እወስደዋለሁ።

አንጓች፦ ዘንድሮ ድንጋይ ወደዱ? እሺ ይቀጥሉ።

ልየው፦ «ከሁለት አንዳችን ተጸጽተን ውሉን ያፈረስን እንደሆነ፣ አፍራሹ አንድ ጥማድ በሬ ለሌላው ይቀጣል።»

አንጓች፦ ይህችንስ ማን አስገባት?

ልየው፦ እኔ ነኝ። ሴት ናት፣ ዛሬ ያለችውን ነገ ትረሳለች ብዬ ነው። ይከፋሻል?

አንጓች፦ ምን ይከፋኛል። ጥሩ አድርገው ነው ያሰሯት። ብቻ ጋሼ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። የወንዝ ዳሩ መሬት እኮ የቤታችሁ ዓይን ነው። አማቴ ነፍሳቸውን ይማረውና «ከዚህ መሬት አፈር ዘግኜ ብበላ አልራብም» ይሉ ነበር። እሱን ሰጥተው ድንጋይ የሚወስዱት ለምንድን ነው?

ልየው፦ ለጽድቅ ነዋ። ብቻሽን ነሽ። ውሃው ይቀርብሽ፣ መንገዱ ይቅለልሽ ብዬ ነው። የወንድሜ ሚስት አይደለሽም? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ።

አንጓች፦ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የት ሄጄ ነበር? ዘመድነቴን ዛሬ ነው ያዩት?

ልየው፦ ለጽድቅ ቀን አይቆረጥለትም።

አንጓች፦ የወንዝ ዳሩ በቆሎ ዘንድሮ ጉልበት አልደረሰም አሉ።

ልየው፦ ማነው እሱ ያለ?

አንጓች፦ ዓይኔ ነው። እዚህ ከፍታው ላይ ሆኜ ሁሉን አያለሁ። የእርስዎ በቆሎ በሐምሌ ቢጫ ሆነ፣ በነሐሴ ቀላ፣ በመስከረም የዝንጀሮ እራት እንኳ ሳይሆን ደረቀ።

ልየው፦ ዝናቡ ነው።

አንጓች፦ ዝናቡ እኔጋ አልዘነበም?

ልየው፦ እሺ፣ ኮምጥጧል። ደስ ይበልሽ! ሦስት ጆንያ ማዳበሪያ አፈሰስኩበት፤ ብልጭ ይልና ያው ነው። በዓመቱ አራት ጆንያ ይጠይቀኛል። ኖራ በትንበት ይሉኛል፤ ኖራውን ማን ይሸከማል? ልጆቼ እንደሆነ ከተማ ገብተው ባጃጅ ይነዳሉ፤ እርፍ መጨበጥም ረስተዋል። እኔም ትንፋሼ ይቆራረጣል። አንቺ ሴትዮዋ ግን እዚህ ድንጋይ ላይ ቆመሽ፣ ጤፍሽ ደረትሽን ሲመታው ሦስተኛ ዓመቱ ነው! ሰው አይደለሁም? ዓይን የለኝም?

አንጓች፦ እንዲህ ከአንጀት ሲናገሩ እንዴት ያምርብዎታል! ይቀመጡ እስቲ እዚህ ድንጋይ ላይ። የእርስዎ ሊሆን ምን ቀረው?

ልየው፦ ልቀመጥ። ታዲያ ምን አድርገሽበት ነው?

አንጓች፦ ግብጦ።

ልየው፦ አትቀልጂ። እሱንማ እኔም ሞክሬዋለሁ።

አንጓች፦ ግብጦ ነው ጋሼ። ደግሞ መካሪዬ እርስዎ ነዎት። ረስተውት ነው?

ልየው፦ እኔ?

አንጓች፦ ይርዳው በሞተ በመጀመሪያው ክረምት፣ በሐምሌ፣ አንድ ቁና ማሽላ ያበድሩኝ ብዬ ደጅዎ መጣሁ። ልጄ ስመኝ እጄን ይዛ ነበር። እርስዎ መደብ ላይ ተቀምጠው ጥርስዎን እየፋቁ «ግብጦ ዝሪ፤ እሱ ድንጋይ ላይም ይበቅላል» አሉኝ። ቤት የነበረው እንግዳ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሄጄ ዘራሁ።

ልየው፦ ለጨዋታ ነው እኮ ያልኩት።

አንጓች፦ ጨዋታዎ በቀለልኝ። በሬ አልነበረኝም፤ በዶማ ጭሬ ነው የዘራሁት። ግብጦ ደግሞ የድሃ ወዳጅ ነው፣ እርሻ አልለሰለሰልኝም ብሎ አይኮራም። እስቲ ይኼን አንዱን ከድንበሩ ልንቀልልዎት። ሥሩን ይዩት።

ልየው፦ ወዲያ! አታስጠጊብኝ! እባጭ ይዞታል እኮ!

አንጓች፦ ፈሩ?

ልየው፦ እኔኮ አውቀዋለሁ ይኼን በሽታ። አንቺ መሬቱን በግብጦ ነው ያዳንሽው ሲባል ሰምቼ እኔም ከጉብታው ጀርባ ሦስት ዓመት ዘራሁ። ስነቅለው ሥሩ ሁሉ እንዲህ ምስር ምስር የሚያክል እባጭ አውጥቶ አገኘሁት። ወደ ሌላው እህል ይጋባል ብዬ ለቃቅሜ አቃጠልኩት።

አንጓች፦ አውቃለሁ።

ልየው፦ ምኑን ታውቂያለሽ?

አንጓች፦ ጭሱን አይቼዋለሁ። ሦስቱንም ዓመት። እዚሁ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ።

ልየው፦ አይተሽ ዝም አልሽ? በሽታ ተዛመተብዎ አትይም?

አንጓች፦ ምን ብዬ ልጩህ? በሽታ እንዳልሆነማ አውቃለሁ። ይኼውልዎ፣ በጥፍሬ ልሰንጥቀው። ውስጡን ይዩት።

ልየው፦ በስመ አብ! ደም ነው እንዴ?

አንጓች፦ እንደ ሥጋ ቀይ ነው አይደል? ሲቀላ በሥራ ላይ ነው ማለት ነው። እዚያ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ። ግብጦው ሥሩ ላይ ቤት ይሠራላቸዋል፣ ከሚበላው ያካፍላቸዋል። እነሱ ደግሞ ከአየር ላይ ማዳበሪያውን ያወርዱለታል። በጆንያ የሚገዙት ያ ነጩ ማዳበሪያ፣ እሱኑ ነው የሚያወርዱት።

ልየው፦ ሃ ሃ ሃ! ከአየር ላይ!

አንጓች፦ ከአየር ላይ።

ልየው፦ እኔ ይኼን አየር ከተወለድኩ ጀምሮ ስምገው ኖርኩ፤ መች ወፈርኩ?

አንጓች፦ እርስዎ ማንንም ቤትዎ አያስጠጉማ። ብቻዎን ቢምጉት ምን ይጠቅምዎታል?

ልየው፦ ማነው ይኼን ተረት የነገረሽ?

አንጓች፦ የግብርናዋ ልጅ። ያቺ ቀጭኗ፣ ቦት ጫማዋ የሚሰፋት። መጀመሪያ የመጣችው እርስዎ ቤት ነበር። ውሻ ለቀቁባት። ሮጣ እዚህ ጭንጫዬ ላይ ወጣችና ትንፋሿን እስክትሰበስብ ቁጭ አለች። ያኔ ነው ግብጦዬን ነቅላ ያሳየችኝ። «እማማ፣ ስታጭጂው በማጭድ ቁረጪው እንጂ አትንቀይው፤ ሥሩን ለአፈሩ ተይለት፤ ገለባውንም መልሺለት» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግሁ።

ልየው፦ ለዚህ ነው በማጭድ ስትቆርጪ የነበረው? እኛኮ ወገቧ አልታጠፍ ብሏት ነው እንል ነበር።

አንጓች፦ ሰምቻችኋለሁ። «ሰነፏ ባልቴት፣ ባቄላና ግብጦ በማጭድ የምታጭድ» ስትሉኝ። አገሩ ሁሉ ጥራጥሬውን ከነሥሩ ነቅሎ ወደ አውድማ ይሸከማል፤ መሬቱ ይራቆታል፤ ከዚያ መሬቱን ይረግማል። እርስዎ ደግሞ ጨርሰው በእሳት አነደዱት። ስድስት ዓመት እንዲህ አድርጌ ነው ድንጋዩን ያለበስኩት። ምሥጢሩ ይኼው ነው። ሌላ የለም። አምላክ ምስክሬ ነው ጋሼ፣ አንዲትም አልደበቅኩዎት።

ልየው፦ አንጓች...

አንጓች፦ እ?

ልየው፦ እኔ ሕፃን ነኝ?

አንጓች፦ ኧረ ሽማግሌ ነዎት።

ልየው፦ ታዲያ ለምን በነፍሳትና በአየር ታጫውችኛለሽ? ግልጡን እንነጋገር። ከቆላ የመጣው ደብተራ ምን ቀበረልሽ?

አንጓች፦ ምን ደብተራ?

ልየው፦ ተይ ተይ። አራቱ ማዕዘን ላይ በገንቦ የተቀበረ ነገር እንዳለ አገር ያውቀዋል።

አንጓች፦ ምንም የተቀበረ ነገር የለም።

ልየው፦ ይኸዋ! የሌለው ሰው እንዲህ ፈጥኖ አይክድም።

አንጓች፦ በማርያም እላለሁ፣ የለም።

ልየው፦ ምለሽ ስትክጂ ይባስ ገባኝ። ለዚህ ነው «ከነውስጡ» ያስባልኩት። አሁን ገባሽ? እኔን አታታልይኝም። በይ ጣትሽን አምጪ።

አንጓች፦ ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለህ መከራ ይምከረው አሉ።

ልየው፦ ምን አልሽ?

አንጓች፦ አዝመራው የኔ ነው አልኩ። ጤፌን አጭጄ፣ ወቅቼ ነው የምለቀው።

ልየው፦ ጤፉን ውሰጂ። ገለባውንም ውሰጂ። መሬቱን ብቻ!

አንጓች፦ እንዲህ ቸር መሆንዎን ሳላውቅ! እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ይንገሩኝና ጣቴን አነሳለሁ።

ልየው፦ ደግሞ ምን?

አንጓች፦ የዕጣው ቀን።

ልየው፦ የምን ዕጣ?

አንጓች፦ ልየው አንማው፣ የምን ዕጣ ይላሉ? የይርዳው አርባ በወጣ በሦስተኛው ቀን፣ የወንዝ ዳሩንና ጭንጫውን እንካፈል ተብሎ ሽማግሌ ተቀመጠ። ሁለት ጠጠር ተጣለ፣ አንዱ የእርስዎ፣ አንዱ የኔ። በላዩ ጋቢ ተጣለበት። እንደ ወጉ ማንንም የማያውቅ መንገደኛ ተጠርቶ መጀመሪያ የሚያወጣው ጠጠር ባለቤት የወንዝ ዳሩን እንዲወስድ ተባለ። መንገደኛው እጁን ሰደደ። የእርስዎ ወጣ። እኔ ዕጣዬን «እግዜር ነው የሰጠኝ» ብዬ ተቀበልኩ። እግዜር ነበር?

ልየው፦ ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሻል? ተረሳ እኮ።

አንጓች፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ልየው፦ አውቀሽ ከሆነ ለምን ትጠይቂኛለሽ?

አንጓች፦ ከእርስዎ አፍ መስማት ስለምፈልግ። ካልነገሩኝ ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ። ጸሐፊውን፣ ምስክሮቹን፣ ማኅተሙን ሁሉ ያስደግሙ። እኔ ጣቴ ቸኩሎ አያውቅም።

ልየው፦ ለሰው አትነግሪም?

አንጓች፦ ለማን? ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ ሞተዋል፣ ሦስተኛው ጆሮው አይሰማም።

ልየው፦ ...መንገደኛው መንገደኛ አልነበረም።

አንጓች፦ ማን ነበር?

ልየው፦ የሚስቴ ያክስት ልጅ ነው። ከወዲያ ማዶ። ቀድሜ ከጥድ ዛፉ ሥር አስቀምጬው ነበር፤ ስንጠራው እንዲያልፍ።

አንጓች፦ ጠጠሩንስ በምን ለየው? በጋቢ ተሸፍኖ ነበር።

ልየው፦ ያንቺን ጠጠር ቅቤ ቀባሁት። የሚያዳልጠውን ተው፣ ደረቁን አውጣ አልኩት።

አንጓች፦ በቅቤ?

ልየው፦ በቅቤ።

አንጓች፦ ለይርዳው አርባ ቅቤ ይላኩ ብልዎት «ላሚቱ ነጥፋለች» ብለውኝ ነበር እኮ። ወጡን በዘይት ነው የሠራሁት። ለዕጣው ግን ቅቤ ተገኘ።

ልየው፦ ጥቂት ናት እሷ። የጥፍር ያህል።

አንጓች፦ ጋቢውስ የማን ነበር?

ልየው፦ የትኛው ጋቢ?

አንጓች፦ ጠጠሩ ላይ የተጣለው።

ልየው፦ ...የይርዳው።

አንጓች፦ የይርዳው። ወንዙን ጠልፎ ለዚያ መሬት ቦዩን የቆፈረው ማን ነው?

ልየው፦ እሱ ነው።

አንጓች፦ ስንት ዓመት?

ልየው፦ ሁለት በጋ።

አንጓች፦ ቦዩን ሲቆፍር እጁ ተልጦ በሌሊት ልብስ መልበስ ያቅተው ነበር። እኔ ነኝ ማር የቀባሁለት። በገዛ ጋቢው ሥር መሬቱን ሰረቁት። ከልጁ አፍ ነጠቁት። ያን ክረምት ምን እንደበላን ያውቃሉ? ግብጦ። ቆልቼ፣ ወንዝ ውስጥ አምስት ቀን ዘፍዝፌ፣ ምሬቱ ሳይለቅ እናት ልጇን አፍዋን ይዛ ታጎርሳለች? እኔ አጎርሻለሁ። እሷ ትተፋለች፤ እኔ የተፋችውን አንስቼ እበላለሁ። በሁለተኛው ክረምት ስመኝን ለከተማ ሰው ቤት ሰጠኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ሕፃን ታዝላለች፣ ዕቃ ታጥባለች። ዛሬ አሥራ ሰባት ሞላት። ባለፈው ፋሲካ መጥታ ሌላዋን ሴትዮ «እማዬ» ብላ ስትጠራት ሰማሁ፣ በስልክ። እኔን «አንጓች» ነው የምትለኝ።

ልየው፦ አላወቅኩም እኔ...

አንጓች፦ ያውቃሉ። ስትሄድ በደጅዎ ነው ያለፈችው። እኔ እንግዲህ ልንገርዎት፣ ጋሼ፣ ጠላሁዎት። በየጧቱ ተነስቼ ፊቴን ሳልታጠብ በፊት እርስዎን እጠላለሁ። ከጸሎቴ በፊት።

ልየው፦ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

አንጓች፦ እሱ ይበልዎ። እኔን አልጠየቁኝም።

ልየው፦ ይኸው መሬቱን መለስኩልሽ አይደል? ከዚህ በላይ ምን ካሣ አለ?

አንጓች፦ የመለሱልኝ መሬቱ ከሞተ በኋላ ነው። ሬሳውን አምጥተው «እንኪ ልጅሽን» እንደማለት ነው።

ልየው፦ ኧረ ምላስሽ! እኔ ኃጢአቴን ተናዝዤልሻለሁ። ቃልሽን ጠብቂ እንግዲህ። ይኸው፣ እኔ ቀድሜ አተምኩ። ሦስቱም ቅጂ ላይ። ያንቺን።

አንጓች፦ ቀለሙን ያምጡ። የቱ ጋ ነው?

ልየው፦ እዚህ፣ ከኔ ጎን። ጫን አድርጊ። ደግሞ እዚህ። ደግሞ... እሰይ! አለቀ!

አንጓች፦ አለቀ። አንዱ ቅጂ የኔ ነው፣ ይስጡኝ።

ልየው፦ እንኪ። በይ አሁን ጨርሺልኝ። የትኛው ማዕዘን ነው? ከዛፉ ነው ከድንበሩ?

አንጓች፦ ምኑ?

ልየው፦ ገንቦው ነዋ! ከእንግዲህ የኔ ነው፤ ብትነግሪኝ ምን ይጎዳሻል?

አንጓች፦ ይቆፍሩት። አራቱንም ማዕዘን። መሐሉንም። ከስንዝር በታች ድንጋይ ነው፤ ቀድሜ ነግሬዎታለሁ።

ልየው፦ የገዛ ሚስቴ እኮ ናት የነገረችኝ! እሷ ደግሞ ከእህቷ ነው የሰማችው!

አንጓች፦ እህቷ ከማን ሰማች?

ልየው፦ ከማን ነው?

አንጓች፦ ከኔ። ገበያ ላይ ጨው ስንገዛ በጆሮዋ ነገርኳት። «በማርያም፣ ለማንም እንዳትተነፍሺ» ብዬ ስለለመንኳት ሦስት ቀን አልፈጀም። እኔማ ሳምንት ይፈጃል ብዬ ነበር።

ልየው፦ አንቺ... አንቺ ነሽ ያስወራሽው?

አንጓች፦ እርስዎ ቅቤ ቀቡ፣ እኔ ወሬ ቀባሁ።

ልየው፦ ቢሆንስ! ጤፉ እኮ ወሬ አይደለም! በዓይኔ ያየሁት ጤፍ ነው!

አንጓች፦ ለዓይንዎ ብዬ ነው የዘራሁት። ስድስት ዓመት ግብጦና ባቄላ እያፈራረቅሁ መሬቱን አበላሁት። ከዚያ ሦስት ዓመት ጤፍ በጤፍ ላይ ዘራሁበት፣ አንድ ቀን ሳላሳርፈው። ያጠራቀመውን ሁሉ አስተፋሁት። የዘንድሮው ጤፍ ከሥሩ ቢጫ መሆን ጀምሯል፤ ጎንበስ ብለው ቢያዩ ኖሮ ያዩ ነበር። እርስዎ ግን ከላይ ከላይ ነው ያዩት። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

ልየው፦ ከሚመጣው ክረምት ጀምሮ...

አንጓች፦ ከሚመጣው ክረምት ጀምሮ ድሮ የሚያውቁት ጭንጫ ነው። የሰጡኝን ነው የመለስኩልዎት።

ልየው፦ የኔም መሬት የሞተ ነው! አንቺም ሬሳ ነው የያዝሽው፣ ራስሽ ብለሻል!

አንጓች፦ ያኔ ተናድጄ ነው። የወንዝ ዳሩ አፈር የሰው ቁመት ጥልቀት አለው። ታመመ እንጂ አልሞተም። ኮምጣጣ መሬት ላይ ደግሞ ግብጦ አይከፋውም። ሁለት ክረምት ይበቃዋል። ነፍሳቱንም ከዚህ ይዣቸው ነው የምሄደው፤ አዲስ ቦታ ላይ ከሌሉ አራት አምስት ቅርጫት አፈር ከለመዱበት ማሳ ወስዶ መበተን ነው፤ የግብርናዋ ልጅ ናት ያለችው።

ልየው፦ አትወስጅም! ከነውስጡ ተብሏል! አንዲት እፍኝ አፈር ብትነኪ እከስሻለሁ!

አንጓች፦ ትናንት ወሰድኩት። ጣት ያረፈው ዛሬ ነው።

ልየው፦ ውሉን አፈርሰዋለሁ! አታለሽኛል ብዬ ዳኛ ፊት እቆማለሁ!

አንጓች፦ ይቁሙ። በዚያውም አንድ ጥማድ በሬ ይዘውልኝ ይምጡ፤ መሬቱ ሰፊ ነው፣ በዶማ አይቻልም። ዳኛውም ማታለሌን ሲጠይቅዎት፣ «ሥሩን ሰንጥቃ እውነቱን አሳይታኝ ነበር፤ እኔ ሳቅሁባት» ይበሉት።

ልየው፦ ሃ። ሃ ሃ! ሞኝ ነሽ አንጓች።

አንጓች፦ ነኝ?

ልየው፦ ነሽ እንጂ! ሁሉን በገዛ አፍሽ አስተማርሽኝ። ግብጦ መዝራት፣ አለመንቀል፣ በማጭድ መቁረጥ፣ ገለባውን መመለስ። እኔስ እጅ የለኝም? እዘራዋለሁ! ያዳንሽውን እኔም አድነዋለሁ! ያን ጊዜ ደግሞ ማን እንደሚስቅ እናያለን!

አንጓች፦ ይዝሩ ጋሼ፤ ከልቤ ነው። ዘሩን እኔ እሰጥዎታለሁ። ይኼን ድንጋይ ለማልበስ ስድስት ዓመት ነው የሚፈጀው፤ አምስትም አይበቃው፣ ሞክሬዋለሁ። እኔ ስጀምር ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ እርስዎ ለጥምቀት ሰባ አምስት ይሞላዎታል።